ከአሜን በኋላ ጎማ ይመታል

ታላቅ ወንድሜ ረጅም መንገድ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ቀኝ እጁን የመኪናው ኮፈን ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ጸሎቱ አጭር ናት፤ «ጌታዬ፣ አንተ ካልነዳኸው እኔ መሪ ጨብጬ ብቻ ነው የምቀረው» የምትል ዓይነት። አሜን ካለ በኋላ ከጋቢናው ወንበር ሥር አጭር ብረት ያወጣና የመኪናውንም የተሳቢውንም ጎማ እየዞረ አንድ በአንድ ይመታል። በደንብ የተነፋ ጎማ ሲመታ ብረቱን ያነጥረዋል፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። የተነፈሰው ግን እንደ ፍራሽ ነው፤ ብረቱን ውጦ ዝም ይላል። ይህን የማያውቅ የከባድ መኪና ሾፌር የለም። የእኔን ወንድም ለየት የሚያደርገው ጎማውን ሲመታም ፊቱ ሲጸልይ እንደነበረው መሆኑ ነው።

ይህን ለዓመታት እያየሁ ምንም ብዬ አላውቅም። ሥነ መለኮት ከመጽሐፍ እንጂ ከጎማ ይገኛል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር።

የምኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 የሚሉት ሰፈር ነው። እዚያው ከተማ ቡላኦስ በሚባለው ክፍል አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ የአገር ቤት ነጋዴዎች በመርከብ ያስመጡትን ዕቃ ከወደብ አስወጥቼ መኪና ላይ አስጭናለሁ። ወንድሜም ከሚጭኑት አንዱ ነው። ግቢ የምጋራት ጎረቤቴ የድሬዳዋ ሴት ናት፤ ዘር ማንዘሯ ነጋዴ፣ እርሷም ጨርቅ ቸርቻሪ፣ ሶላቷን የማታጓድል፣ በምላስም ከእኔ የማታንስ። እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ እኛ ክርስቲያኖቹም የምንሰበሰበው ዓርብ ነው። የሰፈሩ ወንዶች ወደ መስጊድ ሲጎርፉ እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ካርቲየ 3 እሄዳለሁ። ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ «ለእኔም ለምኝልኝ» ትለኛለች። «አንቺ በቀን አምስቴ እየለመንሽ የእኔ ምን ይጨምርልሻል?» ስላት ትስቃለች።

የዓርቡ ጥናት የሚካሄደው በአንዲት እህት ሳሎን ውስጥ ነው። የቢሮ ሠራተኛው፣ ወጥ ቤቷ፣ ልጅ አሳዳጊዋ፣ ያን ሰሞን ጭነት የሚጠብቀው ሾፌር፣ ሁሉም ፍራሽ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ማራገቢያው ደግሞ ያችኑ ሙቀት ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሳታል። ከሚያስተምሩት አንዷ እኔ ነኝ። ልፎክር ብዬ ሳይሆን ጥሩ አስተምራለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ትምህርት የእግዚአብሔር ሉዓላዊነት ነው፤ በሰማይም በምድርም ከእጁ የሚያመልጥ ነገር የለም፣ ድንቢጥ እንኳ ያለ እርሱ ፈቃድ መሬት አትወድቅም የሚለው። ያደግሁት ሁሉን በሚፈራ ቤት ነው፤ የሰው ዓይን ይፈራል፣ የጎረቤት አፍ ይፈራል፣ ሕልም ይፈራል። ሁሉም ነገር በአንድ ደግ እጅ ውስጥ እንዳለ የገባኝ ቀን ያ ሁሉ ፍርሃት ለቀቀኝ። ዛሬም ከዚህ እምነት ንቅንቅ አልልም።

አባታችንን የገደለው ስኳር ነው። እግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ፣ እየሰፋች ሄዳ ወሰደችው። ሐኪም ቤት እንውሰድህ ስንለው «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው፤ የተጻፈ አይፋቅም» ይልና እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። እኔም ወንድሜም ያንን የተጣጠፈ እጅ አንረሳውም። ወንድሜም ስኳር እንዳለበት የተነገረው ጊዜ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጣሁ። «መርፌህን ትወጋለህ፣ አለቀ» አልኩት። እሺ አለኝ። ቃሉንም ጠብቆ በየቀኑ ይወጋ ነበር።

ነገሩ የሆነው ባለፈው መስከረም ነው። በሐምሌ አሸዋውን ፊታችን ላይ ሲበትን የከረመው፣ ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሄዶ በምትኩ የባሕሩ ወበቅ ከተማው ላይ ተጋድሟል። ጅቡቲን የሚያውቅ ይህን ወር ያውቀዋል፤ ሰው ጠዋት ታጥቦ ማታ ድረስ አይደርቅም። ወንድሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ መኪናውን አቁሞ ጭነት ይጠብቃል። ወረፋው በዚያ ሰሞን ረዝሞ ስለነበር ሾፌሮቹ ሁሉ ቆመው ከርመዋል። ዓርብ ጥናት መጣና ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ተራው የእኔ ነበር። ቀኖቻችን ሁሉ ገና አንዱም ሳይኖር በእግዚአብሔር መጽሐፍ ተጽፈው እንደነበር የሚናገረውን መዝሙር አስተማርኩ። ሰዉ አሜን ይላል፤ ወንድሜም አሜን ይላል።

ከዚያ ምሳ ለመብላት ወደ ቤቴ ሄድን። ወንድሜ ምግቡን ትቶ ውሃው ላይ ወደቀ። ስሞላለት ይጨልጣል፣ ደግሜ ስሞላለት ይጨልጣል።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ወበቁ ነው።»

«መርፌህን ተወግተሃል?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ትቼዋለሁ» አለኝ፣ ሲጋራ እንዳቆመ ሰው ረጋ ብሎ።

«ምን አልከኝ?»

«ተውኩት ነው የምልሽ። ብወጋም ያው፣ ባልወጋም ያው ሆነብኝ። ዓይኔ ይደበዝዛል፣ ውሃ አያረካኝም፣ ሰውነቴ ዝሏል። ደግሞስ ዛሬ ምን ብለሽ አስተማርሽ፣ የኔታ?» የኔታ የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ ነው። «ቀኖቼ ተጽፈው ካለቁ መርፌዋ የምትጨምርልኝ ቀን የለም። ብተዋትም የምትቀንስብኝ የለም። እኔ አሜን ብያለሁ። አሜን ያልኩበትን መኖር አለብኝ።»

ደሜ ፈላ። ያስተማርኩትን እንደ ዳቦ ገምሶ፣ ግማሹን በልቶ፣ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ጥሎልኝ ሊሄድ ነው። አባቴ ያለ ጥቅስ ያጣጠፈውን እጅ ይኸኛው ጥቅስ አስደግፎ ሊያጣጥፍ!

«የጳውሎስን መርከብ ስማኝ» አልኩት። ጳውሎስ ታስሮ በመርከብ ወደ ሮም ሲወሰድ ማዕበል ይይዛቸዋል። ፀሐይም ኮከብም ጠፍቶባቸው ተስፋ ሲቆርጡ መልአክ ይመጣና መርከቡ ይጠፋል እንጂ ከሰዎቹ አንዲት ነፍስ እንኳ አትጠፋም ይለዋል። ይህ የማይታጠፍ ቃል ነው። ወደ ምድር ሲቃረቡ ግን መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በትንሿ ጀልባ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ጳውሎስ ያያቸዋል። ለመቶ አለቃውም እነዚህ ሰዎች መርከቡ ላይ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም ይለዋል። ወታደሮቹ የጀልባዋን ገመድ ቆርጠው ይጥሏታል። «አየህ ጋሼ? መልአክ ነግሮኛል፣ እንግዲህ እንደ ፍጥርጥራቸው ይሁኑ አላለም። ገመዱን ያስቆረጠው ራሱ ቃል የተገባለት ሰውዬ ነው። ከዚያ ደግሞ ምግብ ብሉ ብሎ ለመናቸው። የሚድን ሰው ለመዋኘት ጉልበት ያስፈልገዋላ!»

ወንድሜ ታሪኩን ወደደው፤ ሾፌር ነውና የጉዞ ታሪክ ይስበዋል። ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እነዚያ ሊያመልጡ ነበር። እኔ አላመለጥኩም» አለ። «በረሃ ላይ ተወጋሁ፣ ወረፋ ላይ ተወጋሁ። አንድም ቀን አልሰነፍኩም። የድርሻዬን አድርጌያለሁ፤ እምቢ ያለው እርሱ ነው። እግዜር ሲጣላ በትር አይቆርጥም፣ እህቴ።» ከዚያ ነጠላ ጫማውን አውልቆ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ትንሽ ቁስል ናት፤ ጫማ የላጠው የሚመስል። የአባታችንም ስትጀምር እንዲሁ ነበረች።

ጭነቱ እሑድ ይደርሳል ተብሏል። በዚያ ዓይኑ፣ በዚያ እግሩ፣ ከኋላው ተሳቢ እየጎተተ ዲኪልን አልፎ እስከ ድንበሩ ጋላፊ፣ ከጋላፊ ደግሞ በበረሃው ሚሌ ሊነዳ ነው። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንደገና ለምኜ አልሰማኝም። ግንባሬን ስሞ ወደ መኪናው ተመለሰ።

መልስ አላጣሁም፤ እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ዮሴፍን ልጠቅስለት እችል ነበር። ወንድሞቹ ሊያጠፉት ሸጡት፣ እግዚአብሔር ደግሞ በዚያው ሽያጭ ብዙ ሕዝብ አዳነ፤ ድርጊቱ አንድ፣ አሳቡ ሁለት፣ የወንድሞቹም ክፋት በዚያ አልተፋቀም። መዳናችሁን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ የሚለውንም ልጠቅስለት እችል ነበር፤ ምክንያቱንም ሲያስከትል በእናንተ የሚሠራው እግዚአብሔር ነውና ይላል። እርሱ ስለሚሠራ ተቀመጡ አይልም፤ እርሱ ስለሚሠራ ሥሩ ነው የሚለው። ይህ ሁሉ ግን ለሰነፍ የሚሆን መልስ ነው። ወንድሜ ሰነፍ አይደለም። ሠርቶ፣ ጠብቆ፣ አልሆነለትም። ለዚህ የሚሆን ጥቅስ እጄ ላይ አልነበረም።

ጎረቤቴ ጩኸቴን በግድግዳው ሰምታ ኖሮ ስትገባ ምንም አልጠየቀችኝም።

«አቦ፣ አንቺ ሰውየውን ሰነፍ አስመሰልሽው» አለችኝ። «ቢሰንፍ ስድብሽ ይሠራለት ነበር። ይኼ እኮ ደክሞት ነው። ነገ ሂጂና አብረሽው ተቀመጪ። ስብከቱን ግን ወላሂ እዚሁ ቤት ቆልፈሽበት ነው የምትሄጂው።»

ከእርሷ ጋር መስማማት አልወድም፤ ግን ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ምሳውን በሳህን ቋጥሬ ሚኒባስ ያዝኩ። የለበስኩት ቀሚስ እርጥብ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ አጥቤ ያሰጣሁት አሁንም አልደረቀም። ማቆሚያው ስደርስ መኪኖቹ አፍንጫቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው ተሰልፈዋል፤ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ የለም፣ ቅጠሉም የለም። ወንድሜ ከተሳቢው ሥር ጥላው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ተጋድሟል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የጎረቤቴን ትእዛዝ አክብሬ ስለ ልጅነታችን፣ ስለ እናታችን ጉልበት፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ብቻ አወራን። ምላሴ እያሳከከኝ ቻልኩት።

«ውሃ ልስጥሽ» ብሎ ተነሳ። ከጋቢናው ጎን ከተሰቀለው ጀሪካን ቀዳልኝ። በረሃ የሚያቋርጡ ሾፌሮች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ዘዴ አላቸው፤ ጀሪካኑን ጆንያ ያለብሱትና ጆንያውን አርሰው ከመኪናው ውጭ ይሰቅሉታል። መኪናው ሲሄድ ደረቁ የበረሃ ነፋስ እርጥቡን ጆንያ እየመታ ያደርቀዋል፤ ሲደርቅ ውሃው ይቀዘቅዛል። ሚሌ ላይ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ከፍሪጅ ይልቅ ጆንያውን ያምናል።

አንድ ጊዜ ተጎነጨሁና ተፋሁት።

«ጋሼ! ይኼ ውሃ ነው? ሻይ ቅጠሉ ብቻ ነው የቀረው!»

ሳቀ። ከትናንት ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። «ቆሞ አይደል? ነፋስ የለም። መንገድ ስወጣ ይቀዘቅዛል።»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ቀሚሴን በእጄ ዳሰስኩት፤ እንደረጠበ ነው። እዚህ የባሕሩ ወበቅ ልብስ አያደርቅም። ልብስ ካላደረቀ ጆንያም አያደርቅም። ጆንያው ካልደረቀ ደግሞ...

«ጋሼ፣ መርፌህን የት ነው የምታስቀምጠው?»

«እዚያው ነዋ» አለኝ ኩራት እየተሰማው። በጆንያውና በጀሪካኑ መሃል የሰፋት ኪስ ነበረች፤ መድኃኒቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያ ይተኛል። «አገር ቤት ያለችው ነርስ ፍሪጅ ከሌለህ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ነፋሻ ቦታ አስቀምጥ ብላኛለች። ከዚህ የበለጠ እርጥብ የት አለ? ጠዋት አርሰዋለሁ፣ ቀትር ላይ አርሰዋለሁ፣ ማታ አርሰዋለሁ።»

ምክሩ ለደጋው ልክ ነበር፤ ለሚሄድ መኪናም ልክ ነበር። ወንድሜ ግን ወበቁ ከገባ ጀምሮ ከሄደበት ጊዜ የቆመበት ይበልጣል። ብልቃጧን አውጥቼ ጨበጥኳት። አሁን ከድስት የወጣች የምትመስል ነበረች። እየጮህኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም፣ «ተነስ፣ ጫማህን አድርግ» አልኩት።

ቡላኦስ ያለችው ፋርማሲስት የአገሩ ሰው ናት። ብልቃጧን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችና «ሴ ኪዊ» አለች በፈረንሳይኛ፤ በስሏል ማለቷ ነው። መድኃኒቱ ሙቀት ሲነካው ኃይሉ እንደሚሞት፣ ሲያዩት ግን ያው ደህናው እንደሚመስል አስረዳችን። ከዚያ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ የስኳሩን መጠን ሲያይ ቅንድቡን ሰቀለ። ቁስሉን አጠበ፣ ቶሎ መጣችሁ አለ፣ ለሳምንት መሪ እንዳይነካ ከለከለው። ጭነቱን ሌላ ሾፌር ይዞት ወጣ።

ቤት ገብተን አዲስ የገዛነውን መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ሳስቀምጥ ወንድሜ ከኋላዬ ሆኖ «እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ ውሃ ነው የተወጋሁት» አለ።

«እግዚአብሔር እምቢ አላለህም ማለት ነው» አልኩት። ስብከቱን ከዚህ በላይ አፍኜ መያዝ አልቻልኩም።

«ታዲያ እምቢ ያለው ጆንያው ነው? እግዜር በጆንያ ተሸነፈ?»

ሊያበሽቀኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የምሩንም ነበር። ጥያቄውን ወደድኩለት። እነሆ በመጨረሻ መልስ ያለኝን ጥያቄ ጠየቀኝ! አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ሊሞት ነበር» አልኩት። «አልቅሶ ሲጸልይ እግዚአብሔር በነቢዩ በኩል እፈውስሃለሁ፣ በዕድሜህም ላይ ዓመታት እጨምራለሁ አለው። አለቀ፣ ደቀቀ፣ የሰማይ ቃል ወጣ። ነቢዩ ቀጥሎ ምን ያለ ይመስልሃል? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ! አምጥተው ቁስሉ ላይ አደረጉለትና ዳነ። ንጉሡ እፈውስሃለሁ ከተባልኩ በለሱ ለምኔ ነው አላለም። በለሱ የቃሉ ተቀናቃኝ አይደለም፣ ጋሼ። ቃሉ እቤቱ የገባው በለሱን ይዞ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ስንት ዓመት ሳየው የኖርኩት ነገር ብልጭ ያለልኝ።

«አንተ ጎማ ለምን ትመታለህ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ካልመታሁ በምን አውቃለሁ?»

«ጸልየህ የለም እንዴ? አሜን ብለህ የለም? አሜን ካልክ በኋላ ብረት ይዘህ ስትዞር እግዚአብሔርን መጠራጠርህ ነው?»

«እንዴት ሆኖ!» ተቆጣ። «እርሱ የሚጠብቀኝ በጎማዬ ነዋ! ጎማዬ ደህና ካልሆነ...» አለና ቀሪውን ዋጠው። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። በሕይወቴ ሙሉ ዝም ካልኩባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው፤ የቀረውን ራሱ እንዲለው ፈልጌ ነበር። አፍ አውጥቶ አላለውም። ግን የሸሚዙን ጫፍ ከሆዱ ላይ ገለጥ አደረገና «በይ አምጪው» አለኝ። አዲሱን መድኃኒት እቤቴ ተወጋ።

የማታው ጸሎት ጥሪ ከመስጊዱ ተሰምቶ ካበቃ በኋላ፣ መብራት ሳናበራ ተቀምጠን ሳለ፣ ያላሰብኩትን ጠየቀኝ።

«አባባስ?» አለ። «ቀኑ ደርሶ ነው የሞተው ወይስ እጁን አጣጥፎ?»

ይህንን ጥያቄ ሁለታችንም ይዘነው ኖረናል፤ አንዳችንም ሌላውን ጠይቀን አናውቅም። ሰው ሊያጽናና ሲል የሚለውን ልለው እችል ነበር። ወንድሜ ግን የሚያጽናናውን ሳይሆን እውነቱን ነው የጠየቀኝ፤ እውነቱን ደግሞ አውቀዋለሁ።

«ሁለቱም» አልኩት። «ቀኑን እግዚአብሔር ያውቀው ነበር። እጁን ያጣጠፈው ግን አባባ ነው። ምስጢሩ የእግዚአብሔር ነው፣ የተገለጠው ግን የእኛ ነው ይላል መጽሐፉ። ለአባባ የተገለጠለት ቁስሉ ነበር፣ ሐኪም ቤቱ ነበር፣ የእኛ ልመና ነበር። ቀኖቹ የተጻፉበትን መጽሐፍ ሊያነብ ወደ ሰማይ ወጥቶ አያውቅም፤ ተጽፏል የሚለው ያላነበበውን ነው። ለዚያ እግዚአብሔርን አልከስም። አባባንም ነጻ አላወጣም። ሁለቱንም ግን እወዳቸዋለሁ።»

አለቀስኩ። ወንድሜም አለቀሰ፤ ስናለቅስ አንዳችን ሌላውን ዝም አላሰኘንም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እንዲያ አብረን አልቅሰን አናውቅም ነበር። ከዚያ አፍንጫውን ጠርጎ «ርቦኛል» አለ፤ ሳመጣለትም በላ።

በቀጣዩ ዓርብ ጥናት አብሮኝ መጣ። ቁስሉ መድረቅ ጀምሮ ነበር። የጳውሎስን መርከብ ለሁሉም ሳስተምር ከኋላ እጁን አወጣ። ሾፌሮች ከኋላ ሆነው ዝም ማለት ነው የሚያውቁት፤ ሁሉም ዞሮ አየው። «አንድ ነገር ልበል» አለ። «ቃል የተገባለት ሰው አይጨነቅም። የማይጨነቅ ሰው ደግሞ ዓይኑ ያያል። የፈራው ወደ ጀልባ ነው የሚሮጠው፣ ተስፋ የቆረጠው ይተኛል። ጳውሎስ ግን ገመዱን ያየው እግዜርን ስላመነ ነው።» ብሎ ተቀመጠ። እኔ ለዚያ ትምህርት ሌሊቱን ስዘጋጅ አድሬ እንዲህ አድርጌ ማለት አልቻልኩም ነበር። ቅናቱ ትንሽ ወጋ አደረገኝ፤ ደስታው ግን በለጠ።

ሐኪሙ ሲፈቅድለትና አዲስ ጭነት ሲደርሰው እኔና ጎረቤቴ ልንሸኘው ማለዳ ወደ ማቆሚያው ሄድን። እርሷ አፉ ሰፊ የሆነ ፍላስክ ይዛለች፤ ማታ ከፍሪጇ ባወጣችው በረዶ ሞልታዋለች። መድኃኒቱን በረዶው እንዳይነካው በጨርቅ ለይታ ከላይ አስቀምጣለታለች፤ ጨርቁ ከሱቋ የተቀደደ፣ አበባ ያለበት ነበር።

«ኢንሻአላህ በሰላም ትገባለህ» አለችው። «በረዶውን ግን ዲኪል ላይ ቀይር፣ ጋላፊ ላይ ቀይር። ኢንሻአላህ ብያለሁ ብለህ እንዳትተኛ።»

ወንድሜ ሳቀና ፍላስኩን ተቀብሎ ጋቢናው ውስጥ ከጥላው በኩል አስቀመጠው። ጆንያ የለበሰው ጀሪካን ከጎን ተሰቅሏል፤ አሁን ውሃ ብቻ ነው ያለበት። ቀኝ እጁን ኮፈኑ ላይ ጫነ። እኔም እጄን አጠገቡ ጫንኩ፤ ብረቱ ገና በማለዳው ይሞቅ ነበር። ያችኑ አጭር ጸሎቱን ጸለየና አሜን አለ። አሜን አልኩ። ጎረቤታችንም ራቅ ብላ ቆማ «አሚን» አለች።

ከዚያ ብረቱን አውጥቶ መዞር ጀመረ። የመኪናውን ጎማዎች መታ፣ የተሳቢውን መታ። ሁሉም ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። ጨርሶ ወደ ጋቢናው ሲወጣ ብረቱን ወንበር ሥር ሊከት አጎነበሰና ቆም አለ። ፍላስኩን በብረቱ ጫፍ ቀስ አድርጎ መታው። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ክዳኑን ጠበቅ አደረገና ሞተሩን አስነሳ።